ያጠፋው ሰው ስምና ፊርማ

ላፕቶፑ መጥፋት እምቢ ካለ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የሚጣ እናት ሳሎን ውስጥ ካሉት ሦስት ወንበሮች የማይንገዳገደውን ለቀውለታል፤ ከሥሩ ትራስ አድርገውለታል፤ አቧራ እንዳይገባው ብለው ደግሞ ስስ ሻርፕ ጣል ያደርጉበታል። ሻርፑ ሲጣልበት አየር ያጥረውና ማራገቢያው እንደ አስም በሽተኛ ማቃሰት ይጀምራል፤ ያኔ እናትየው «አሁንስ ባሰበት» ብለው ይገልጡታል። ጎረቤት ሲመጣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ምን እንደነካው እንጃለት፤ ቀን ከሌት ዓይኑን አይከድንም» ይላሉ፤ ጎረቤትም ከንፈሩን መጥጦ «ይማረው» ብሎ ይወጣል። ከማዶ ያለችው ልብስ ሰፊማ አንድ ቀን ብርቱካን ይዛ መጥታ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሚጣ «ዝጋ» የሚለውን ስትጫን ስክሪኑ እሺ ይልና ነጫጭ ነጥቦቹን ክብ እየሠራ ያዞራል። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ። ከዚያ ድንገት ሰማያዊ ይሆናል፤ ያዘነ ፊት ይስላል፤ ችግር ገጥሞኛል ይላል፤ ድርግም ይልና ወዲያው ራሱን መልሶ ያበራል። እናትየው የመነሻ ድምፁን ከወጥ ቤት ሲሰሙ «ተነሣ!» ብለው ይጮኻሉ፤ ደስ ይበላቸው ይዘኑ ከድምፃቸው አይለይም።

ያን ዓርብ ግን የግድ መጥፋት ነበረበት። ሚጣ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ የልጅነት መጠሪያዋ እንደ ክትባት ጠባሳ አብሯት አድጓል። አሥራ ሰባት ዓመት የሠራችበትን መዝገብ ቤት ለቃ ሰኞ ጠዋት ሌላ መሥሪያ ቤት ልትገባ ነው፤ አዲሶቹ አሠሪዎቿ «ክሊራንስሽን ይዘሽ ነይ፤ ካለዚያ ቦታውን ለተጠባባቂዋ እንሰጣለን» ብለዋታል። ክሊራንስ ማለት በእጇ የመሥሪያ ቤት ንብረት እንደሌለ የሚመሰክር፣ ሰባት ክፍሎች የሚፈርሙበት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ስድስቱ ፈርመዋል። ቤተ መጻሕፍቱ እንኳ ፈርሟል፤ መሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ስለሌለው በቦታው የምትፈርመው የጽዳት ኃላፊዋ ናት። የቀረው ንብረት ክፍል ነው፤ ለንብረት ክፍል የምትመልሰው ደግሞ ይህንኑ ዓይኑን የማይከድን ላፕቶፕ።

ቁርስ ላይ ዳቦና ሻይ ቀርቧል። ከጠረጴዛው ባሻገር ወንድሟ ተቀምጧል። በአሥራ አንድ ዓመት ስለሚበልጣት ከልጅነቷ ጀምሮ «ወንድም ጋሼ» ትለዋለች፤ እሱ ግን ይህን መጠሪያ ከአፏ ከሰማ አራት ዓመት አልፎታል። የሚኖሩት በአንድ ቤት ነው፤ የሚበሉት ከአንድ ድስት ነው፤ የሚነጋገሩት በእናታቸው በኩል ነው።

«እማዬ፣ ስኳሩን ያቀብለኝ» አለች ሚጣ።

«ስኳሩን አቀብላት» አሉ እናትየው።

«ማንኪያ የለውም በያት» አለ ወንድም ጋሼ፣ ስኳሩን ወደ እናቱ እየገፋ።

«ማንኪያ የለውም» አሉ እናትየው፤ ስኳሩን ወደ ልጃቸው ገፉት፤ ማንኪያም ከራሳቸው ብርጭቆ አውጥተው ጨመሩበት። አራት ዓመት ሙሉ ይህን ሲያደርጉ አንድም ቀን ቃል አጉድለው አያውቁም፤ መቃብር ከመግባታቸው በፊት ግን ልጆቻቸው አንድ ቀን እንኳ ዕረፍት እንዲሰጧቸው እናትየው አጥብቀው ይመኛሉ።

ሚጣ ላፕቶፑን እንደበራ ታቅፋ በአውቶቡስ ሄደች። ቦርሳ ውስጥ ብታስገባው ይግላል፤ ስለዚህ ከፍታ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከጎኗ የተቀመጡ ሰው እንደምትሠራ አስበው እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉላት።

የንብረት ክፍሉ ሹም ጋሽ ይሟላ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ይህ አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለመጣው ሁሉ «ይሟላ» ሲሉ ኖረው ስሙ ራሱ መጥቶ አረፈባቸው። ክፍላቸው ምድር ቤት ሳይሆን ምድር ቤት ይመስላል፦ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ መስኮቶቹ በመደርደሪያ ተዘግተዋል። እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች፣ አንድ ሙሉ ጆንያ የበር እጀታ፣ ባለቤት ያጡ ስምንት ጃንጥላዎች፣ ሁሉም ቁጥር ተለጥፎባቸው ይኖራሉ። ጋሽ ይሟላ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው የርክክብ ቅጹን ዘረጉ። ቁጥር፣ ዜሮ አራት አሥራ ሰባት፤ ልክ ነው። ቀለም፣ ጥቁር፤ ልክ ነው። እንዲህ እያሉ አንድ በአንድ ወርደው ተራ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ደረሱ፤ «ዕቃው የኤሌክትሪክ ከሆነ፣ ያጠፋው ሰው ስምና ፊርማ» ይላል።

«አጥፊውና ፈርሚ» አሏት።

«ጋሼ፣ አይጠፋም።»

«የማይጠፋ ዕቃ የለም። እኔ ጋ ስንት ጠፍቷል!»

ሞከረች። ሰማያዊ ሆነ፣ አዘነ፣ ወደቀ፣ ተነሣ። ጋሽ ይሟላ እጃቸውን አጣጥፈው ሦስት ጊዜ ሲወድቅና ሲነሣ አዩት፤ በአራተኛው ሚጣ ትዕግሥቷ አልቆ የማብሪያ ቁልፉን በአውራ ጣቷ ተጭና ቆየችበት፤ ጸጥ አለ። ክፍሉም አብሮ ጸጥ አለ። ብዕር ስታነሣ ጋሽ ይሟላ «ቆይ፣ ሠርቶ ነው የምረከበው» ብለው አበሩት። ስክሪኑ ላይ፣ ባለፈው ጊዜ በአግባቡ አልተዘጋሁም የሚል ጽሑፍ ወጣ። ሰውየው ጣታቸውን ከጽሑፉ ሥር አድርገው እንደ ፊደል ቆጣሪ አነበቡት።

«ይኸው ራሱ እየመሰከረብሽ ነው። አግባብ የሌለው ነገር አልረከብም። የባለሙያ ደብዳቤ ይሟላ።»

የጥገናው ሱቅ ከመሥሪያ ቤቱ ኋላ፣ የአንድ ፎቅ ቤት ደረጃ ሥር ነው፤ ጠጋኟ ቆማ መሥራት ስለማትችል ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትሠራለች። ካቻቢቴዋን እንደ ፀጉር ጌጥ ሹሩባዋ ውስጥ ሰክታዋለች። ለማየት መቶ ሃምሳ፣ አይታ ለመንገር ሌላ መቶ፣ ለደብዳቤ በነፃ፤ ዋጋው በካርቶን ላይ ተጽፎ ተሰቅሏል። ሚጣ መቶ ሃምሳውንም መቶውንም ከፈለች። ጠጋኟ አጠፋችው፣ ወደቀ፤ አጠፋችው፣ ወደቀ፤ ከዚያ ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ላይ የሚፈስበት መስኮት ከፍታ፣ ከንፈሯን እየነከሰች እስከ ታች አነበበችው።

«እህቴ፣ ስካነር ነበረው እንዴ?»

«ነበረው። የድሮ ፋይሎች እናነሣበት ነበር። ባለፈው ሳምንት አዲስ ነገር ጫኑበትና ከዚያ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው።»

«በቃ የስካነሩ ድራይቨር ነው፤ ስካነሩን ከማሽኑ ጋር የሚያናግረው ፕሮግራም» አለች ጠጋኟ። «ማሽኑ ሊዘጋ ሲል ውስጡ ያሉትን በሙሉ፣ ውጡ ልዘጋ ነው ይላል። ሁሉም እሺ ብለው ይወጣሉ። ይሄ አንዱ ግን እሺም አይል፣ እምቢም አይል። ማሽኑ ይጠብቀዋል፣ ይጠብቀዋል፣ በመጨረሻ ይጨንቀውና ይወድቃል።»

«መልስ ስላልሰጠው ብቻ?»

«መልስ ስላልሰጠው ብቻ። እምቢ ቢለው እንኳ ይሻል ነበር፤ በግድ ያስወጣዋል።»

ድራይቨሩን ነቅሎ ማውጣት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር፤ ግን የአስተዳዳሪ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ሚጣ ከዚያው ለጋሽ ይሟላ ደወለች። ፓስዎርዱ አለ። የቀድሞው የኮምፒውተር ባለሙያ ሥራ ሲለቅ በፖስታ አሽጎ አስረክቧቸዋል፤ ፖስታው መደርደሪያ ላይ ነው፤ ቁጥርም አለው። ግን አይከፈትም። «ታሽጎ የተረከብኩትን ታሽጎ ነው የማስረክበው» አሉ ጋሽ ይሟላ፣ «ደብዳቤውን ብቻ ይዘሽ ነይ።» ጠጋኟ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በሥርዓት ጻፈች፦ «ችግሩ ያለው ድራይቨሩ ላይ ነው። ሲዘጋ አይወጣም። ድራይቨሩ ከቦታው ይነሣ፣ ወይም በአዲስ ይተካ።» ማኅተሟን መታችበት።

ሚጣ ተመልሳ ሦስተኛ ፎቅ ስትደርስ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር፤ ጋሽ ይሟላ ምሳቸውን ጨርሰው ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ ጠበቋት። ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበቡት። የመሥሪያ ቤቱ መመሪያ በባዕድ ቃል የተጻፈ ደብዳቤ አይቀበልም፤ ስለዚህ ወደ ጸሐፊዋ ላኩት። ጸሐፊዋ ጠንቃቃ ሴት ናት። «ድራይቨር» ያለውን ሁሉ «ሾፌር» ብላ አስተካክላ፣ አንዲት ነጥብ ሳታጎድል መለሰችው።

«ጋሼ፣ ይሄ ሾፌር እኮ ሰው አይደለም» አለች ሚጣ፣ ወረቀቱን እያሳየቻቸው።

«ሰው ያልሆነ ሾፌር ይህ መሥሪያ ቤት ቀጥሮ አያውቅም።»

«ማሽኑ ውስጥ ያለ ነገር ነው! ጽሑፍ ነው!»

«ጽሑፍማ ነው፤ እያነበብኩት አይደል?» አሉና የስምሪት ክፍሉን ስልክ አነሡ። ንብረት ቁጥር ዜሮ አራት አሥራ ሰባትን የጫነው ሾፌር ማን ነበር? ስምሪት ክፍል መዝገቡን አገላበጠ። ዕቃው ገና አዲስ ሳለ፣ የዛሬ አራት ዓመት፣ ከግምጃ ቤት ከስካነሩ ጋር ተጭኖ ሲመጣ፣ መኪናዋ ቁልቁለቱን ወርዳ ከመሥሪያ ቤቱ የራሱ በር ጋር ተላትማለች። የዘበኛው ቤት ፈርሷል፤ ዘበኛው ሻይ ሊጠጣ ወጥቶ ተርፏል። ሾፌሩ ተባርሯል። የሾፌሩ ስም፣ የሚጣ ወንድም ስም፣ ሲነበብ ጋሽ ይሟላ ፊታቸው በራ፤ ወረቀት ከወረቀት ሲስማማ እንደማየት የሚያስደስታቸው ነገር የለም። «ደግሞም እውነት ነው» አሉ፣ «ሲዘጋ አይወጣም ነበር። ሁላችን ስንሄድ እሱ መኪና ሲያጥብ ያመሻል። ይጠራ።»

ሚጣ «ተዉት ጋሼ፣ በቃ ሌላ ቀን እመለሳለሁ» ልትል አፏን ከፈተች፤ ሰኞ ትዝ አላትና ከደነችው። ስልኩን ቤት ያነሡት እናቷ ናቸው። ጋሽ ይሟላ ሲያስረዱ፣ እናትየው «ላፕቶፑ አረፈ?» እያሉ ሲጠይቁ፣ ድምፃቸው እስከ ሚጣ ወንበር ድረስ ይሰማ ነበር።

ሚጣ ያንን ወንበር አልወደደችውም። አራት ዓመት ሙሉ ጎኗን የሚወጋት ነገር እዚያ መጥቶ አጠገቧ ተቀመጠ። ወንድም ጋሼ የተባረረው መኪናዋን በማጋጨቱ አልነበረም፤ ፍሬኗ እንደማይዝ ሳያስታውቅ ነድቷል ተብሎ ነው። እሱ ግን አስታውቆ ነበር፤ ሦስት ጊዜ፣ በጽሑፍ፣ በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል፣ በሚጣ እጅ። ከአደጋው በኋላ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ወደ መስኮቱ መጣና፣ ድምፁን ሳያነሣ «እነዚያ ደብዳቤዎች አልገቡም፣ አይደል?» አላት። ሦስቱንም ከፋይሉ አውጥታ ሰጠችው። በአጣሪዎቹ ፊት ወንድሟ «ለእህቴ ሰጥቻታለሁ» ሲል «አልገቡም» አለች። ሥራውም ጡረታውም ሄደ። ቤት ሲገቡ እሱ ምንም አላለም፤ እስከዛሬም ምንም አላለም። አሥር ሰዓት ላይ በሩ ሲንኳኳ ሚጣ ከመቀመጫዋ ተነሣች።

ወንድም ጋሼ ሰማያዊ ኮቱን ለብሶ ከረባት አስሯል። ጺሙን ተላጭቷል፤ አገጩ ላይ የምላጭ ጭረት አለ። እሷን እንደ አንድ ወንበር አልፏት ለጋሽ ይሟላ እጅ ነሣ። ሰውየው ከጉሮሯቸው በሚወጣ የችሎት ድምፅ አነበቡለት፦ ችግሩ ሾፌሩ ላይ መሆኑን፣ ሲዘጋ የማይወጣ መሆኑን፣ ከቦታው ይነሣ መባሉን። ወንድም ጋሼ እስከ መጨረሻው አንገቱን ደፍቶ አዳመጠ። ከዚያ ላፕቶፑን አየው፤ ሰማያዊው ላይ ነበር፤ ወደቀ፣ ተነሣ።

«ይሄ ካልተፈረመ እሷ ወረቀቷን አታገኝም ማለት ነው?» አለ።

«አታገኝም።»

«ምን ተብሎ ነው የሚፈረመው?»

ጋሽ ይሟላ ተራ ቁጥር ዘጠኝን በጣታቸው አሳዩት። ወንድም ጋሼ አጎንብሶ «ያጠፋው ሰው» የሚለውን አነበበና ትንሽ ፈገግ አለ።

«እንግዲያው እኔ ነኝ።»

«አምነው ነው?»

«አምኜ ነው። ከተባረርኩ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድን ሰው ደግሞ ሁለቴ አያባርሩትም።» ብዕር ተቀብሎ ስሙን ጻፈ፤ ፈረመ። ምክንያት በሚለው ላይ ጥቂት አሰበና «እንዲሁ» ብሎ ሞላበት።

ጋሽ ይሟላ «ተሟላ!» አሉ፤ ሚጣ በአሥራ ሰባት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ከአፋቸው ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ላፕቶፑን በላስቲክ ጠቅልለው፣ እየሠራ፣ እያጓራ፣ ከጃንጥላዎቹ አጠገብ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። ሰባተኛው ፊርማ ወረቀቷ ላይ አረፈ። «ከእንግዲህ ንጹሕ ነሽ» አሏት፤ ክሊራንስ ለሰጡት ሁሉ የሚሉት ነው።

ደረጃውን ሲወርዱ ወንድም ጋሼ ሁለት ደረጃ ቀድሟት ነበር። ከኋላው የሱሪው መቀመጫ አልቆ እንዳበራ፣ አንገቱም እንደቀጠነ አየች። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱ ወንበሯ ላይ ትሆናለች፤ እሱ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ጋዜጣ ዘርግቶ ይቀመጣል፤ ስሙም በሁለት ወረቀት ላይ ያጠፋ ሰው ሆኖ ይኖራል። ታች ሲደርሱ ወደ ውጪው በር አልዞረችም። የመዝገብ ቤቱ ቁልፍ ገና በእጇ ነበር፤ ስትወጣ ለዘበኛው ልትሰጠው ነው። ከፍታ ገባች፤ የባለጉዳይ መስኮቱን መዝጊያ አነሣች፤ አራት ነጭ ወረቀቶች በካርቦን ደርባ ቆማ መጻፍ ጀመረች።

ወንድም ጋሼ ከኋላው ኮቴ ሲያጣ ዞረ። መጥቶ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠና ጠበቃት። ሚጣ አልተቻኮለችም። የመኪናዋ ፍሬን እንደማይዝ የሚያስታውቁ ሦስት ደብዳቤዎች ለዚህ መዝገብ ቤት ደርሰው እንደነበር፣ ራሷ ተቀብላ ቁጥር እንደሰጠቻቸው፣ በኋላም ከፋይሉ አውጥታ ለኃላፊው በእጁ እንደሰጠች፣ አልገቡም ብላ በሐሰት የመሰከረችውም እሷ እንደሆነች ጻፈች፤ ቀን ጻፈች፤ ፈረመች። ከዚያ ደብዳቤውን በመስኮቱ ወደ ውጪ አሾልካ፣ እንደገና ወደ ውስጥ ተቀበለችው፤ የሚገባ ደብዳቤ በመስኮት ነውና የሚገባው። ገቢ የሚለውን ማኅተም መታችበት። በመዝገቡ ላይ ቁጥር ሰጠችው። አንዱን በወንድሟ ፋይል ውስጥ አሠረች፤ አንዱን ለኃላፊው፣ አንዱን ለጡረታ ቢሮ በሚላክ ፖስታ አደረገች። ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ኃላፊው ያነበዋል፤ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ አዲሱ መሥሪያ ቤቷ ስልክ ይደወላል። ይህን እያወቀችም እጇ ሥራውን አልተወም።

አራተኛውን ግልባጭ ወደ መስኮቱ ይዛ ቀረበች። ስሙን መጥራት ነበረባት፤ ባለጉዳይ በስሙ ነው የሚጠራው።

«ወንድም ጋሼ» አለች። ድምፅዋ ዝጎ ነበር።

ተነሥቶ መጣ። ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ሲጨርስ እንደገና ከላይ ጀመረ። ኮሪደሩ ውስጥ የጽዳት ሠራተኞች ባልዲ ይንኳኳል።

«ሦስት አይደሉም» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ። «አራት ናቸው።»

«ሦስት ነው የተቀበልኩት። እግዜር ያየኛል፣ ሦስት ነው።»

«አራተኛውን አልሰጠሁሽም። አደጋው ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው ጽፌ መጣሁ፤ ሰልፍም አልነበረም። ያ ኃላፊ በሦስተኛው ደብዳቤ ምክንያት ሲቆጣሽ እዚህ አግዳሚ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ወንድምሽን ዝም አሰኚልኝ ሲልሽ። ፊትሽን አይቼ ተመለስኩ። አራተኛውን አስገብቼ ቢሆን ምናልባት መኪናዋን ያቆሟት ነበር።» ወረቀቱን አጠፈው። «ያኮረፍኩት አንቺን ብቻ አይደለም።»

ሚጣ በመስኮቱ ክፈፍ ላይ ሁለት እጆቿን አሳርፋ ቆመች። አልቅሺ አልቅሺ ይላት ነበር፤ ግን መሥሪያ ቤቱ ሊዘጋ ሩብ ሰዓት ነበር የቀረው።

«አሁን አስገባው» አለችው።

«ኪሴ ውስጥ ረስቼው ከሸሚዝ ጋር ታጠበ።»

ሌላ ነጭ ወረቀት ሳበች። ብዕሩ አልጽፍ ስላላት ጫፉን በትንፋሽዋ አሟሟቀችው፤ ማኅተሙንም በቀኝ እጇ በኩል አስጠጋች።

«ምን ይል ነበር? ቀስ ብለህ ንገረኝ።»

ወንድም ጋሼ ከረባቱን አላላ። በክርኑ መስኮቱ ላይ ተደገፈ፤ ጣራ ጣራውን እያየ ቃሉን ፈለገ።

«ለስምሪት ክፍል፣ በይ። ከዚህ ቀደም ሦስት ጊዜ እንዳመለከትኩት... የመኪናዋ ፍሬን ቁልቁለት ላይ እንደ ሳሙና ነው።»

«እንደ ሳሙና ልበል?»

«በይ» አለ። «እንደሱ ነው ያልኩት።»